ስምህ የሰፈረበት የሃሚልተን ጥናት

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን እነሆ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል፤ ያንተን የምጠይቅበት መንገድ ስለሌለኝ የእኛን ብቻ ልንገርህ። እማዬ አለች፤ የጉልበቷ ሕመም ግን ብሶባታል። እኔም ጤነኛ ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም። ንዴቱ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፣ አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ማታ ተከትሎኝ ይገባል።

ቤቱ ያው ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ያው አሥራ አራተኛው ፎቅ ነው። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ ከሐምሌ ጀምሮ እንደተበላሸ ነው፤ ሌላውን ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ልብሶችህን እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታቸዋለች። ጓንቶችህን ግን ደብቃ አስቀርታለች፤ እንዳገኘኋቸው አልነገርኳትም። እኔ ሴንት ጄምስ ታውን የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ወደ ድሮ ክፍሌ ተመልሻለሁ። የልጅነት አልጋዬ ላይ ስተኛ እግሬ ከጫፉ ይወጣል። ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ መሀል ከተማ የጥናትና የምክር ድርጅት ውስጥ እየሠራሁ፣ ግድግዳው ላይ በአሥር ዓመቴ የለጠፍኩት የሆኪ ተጫዋች ሥዕል አሁንም ያየኛል። የቤት ኪራዩም የእማዬም መድኃኒት የሚሸፈነው በእኔ ሥራ ነው። ይህን አሁን የምነግርህ ኋላ ላይ ለምን ዝም እንዳልኩ እንዲገባህ ብዬ ነው።

ልጽፍልህ የተነሣሁት ግን ስለ ሃሚልተን ነው።

አንተ ስለዚያች ከተማ ስታወራ የተወለድክባት ትመስል ነበር። ከሱዳን የስደተኛ መጠለያ ተነሥተህ ካናዳ ስትገባ መጀመሪያ ያረፍክባት እሷ ናት፤ በጥር፣ በስስ ጃኬት። መጀመሪያ ያገኘኸው ሥራም የበረዶ ሜዳ ጽዳት ነበር። ሆኪ የሚባለው የበረዶ ላይ ጨዋታ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሆኪ የሚጫወቱበትን በረዶ ታለሰልስ ነበር። በኋላ ጨዋታውን ከተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ እያነበብክ እንደተማርክ ነግረኸኛል። ጥቁሯን ጠፍጣፋ ኳስ «ኩበቷ» ነበር የምትላት። «ኩበቷን እዪ! ኩበቷ የት ገባች?» ስትል የቶሮንቶ ልጅ ሆኜ ኩበት ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ትክክለኛ ስሟ መስሎኝ፣ ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ በዚያ ስም አስተምሬአቸዋለሁ።

የሃሚልተን ሰዎች ከከተማው በላይ ያለውን ገደል «ተራራው» እንደሚሉት ስትሰማ የሳቅከውንም አልረሳሁም። ደብረ ታቦር አድገህ፣ ጉናን እያየህ ከብት ያገድክ ሰው! «ይሄን ተራራ ካሉት» አልክ፣ «እንግዲህ የጎደላቸው ቁመት ነው እንጂ ትዕግሥት አይደለም። አንድ ቀን ያድጋል ብለው እየጠበቁት ነው።»

መጠበቅ ያውቁበታል ትል ነበር። ዋናው ሊግ ይመጣል ብለው ትልቅ አዳራሽ ሠርተው ጠበቁ፤ አልመጣም። ታዳጊዎች በሚጫወቱበት ትንሽ ሊግ እየተጽናኑ ዓመታት አለፉ። አንተና ጓደኛህ ጋሽ መኮንንም ያን ሁሉ ዓመት ተከራከራችሁ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሆኪ የምትወድ ትንሽ ከተማ ዋና ሊግ ውስጥ የሚጫወት ቡድን ማኖር ትችላለች ወይስ አትችልም?

ጋሽ መኮንን ታክሲ ነጂ ስለነበሩ ቶሮንቶን የእሳቸው ንብረት አድርገው ነበር የሚያስቡት። «ደምሴ፣ እዚህ አጠገባቸው ይህን የሚያህል ቡድን ቆሞ እነሱ ሌላ ምን ያደርግላቸዋል? ጎረቤት ሠርግ እያለ ደጁ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉህ አንድ እሑድ።

«አንተ ራስህ ያ ሠርግ ገብተህ ታውቃለህ?» አልካቸው።

«ቲኬቱ እኮ... በቲቪ አየዋለሁ።»

«እኮ! የሠርጉን ቪዲዮ ነው የምታየው። የሃሚልተን ሰው ግን እበላለሁ፣ እጨፍራለሁ ነው የሚለው።»

አዳራሹ ሲስቅ እኔ ስንት ዓመቴ ነበር? ዘጠኝ ወይም አሥር። ያን ዕለት እንዳንተ መከራከር ፈለግሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሃሚልተን ትወስደኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድን ቀን የታዳጊዎቹ ቡድን ክፉኛ ተሸነፈ፤ እኔ አለቀስኩ። አንተ ግን ጉንጬን በእጅህ ይዘህ ከሜዳው አዞርከኝና «ኩበቷን ተያት። ሰዉን እዪ» አልከኝ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ነበር፤ አንድ ብርድ ልብስ የሚጋሩ ሁለት አረጋውያን እህትማማቾች ነበሩ። «በሚቀጥለው ሳምንት ከእነዚህ ማን እንደሚመጣ እናያለን» አልክ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። ሽማግሌው ነበር። እህትማማቾቹም ነበሩ። አንተ የእድራችን ጸሐፊ ነበርክ፤ ለቅሶ ቤት ስም ጠርተህ በበረዶ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ የምትመዘግብ። ሰውን የምትለካበት ሌላ መለኪያ አልነበረህም። እመጣለሁ ያለህን ሁሉ በትሕትና ታመሰግናለህ፤ መዝገብህ ላይ የምትጽፈው ግን የመጣውን ብቻ ነው።

አባዬ፣ ይህን ሁሉ የማስታውስህ ያንን መለኪያ ስለሰረቅሁህ ነው።

ከሞትክ ከሁለት ወር በኋላ መሥሪያ ቤታችን አንድ ጥናት ተሰጠው። ደንበኛው ማን እንደሆነ ልጽፍልህ አልችልም፤ ውል ፈርሜአለሁ። ጥያቄው ግን ያው የሻይ ላይ ጥያቄያችሁ ነበር፣ በወፍራም ሽፋን። አለቃዬ «ማን ይፈልጋል?» ሲል እጄን ሳላስበው አወጣሁ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ የቢሮው ሰዎች በርኅራኄ ዓይን ነበር የሚያዩኝ። ሥራው ሐዘኔን ያስረሳኝ ብዬ አልነበረም። አንተ ያለህበት ሥራ ስለመሰለኝ ነው።

ከዚህ በፊት የተጻፉት ጥናቶች ሰውን «ቡድን ቢመጣ ቲኬት ትገዛለህ?» ብለው ነበር የጠየቁት። ማን አልገዛም ይላል? እኔ ያንተን ጥያቄ ጠየቅሁ። ስምንት ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ለልምምድ በሚያመጡባቸው የሃሚልተን የበረዶ ሜዳዎች እየዞርኩ፦ «ቡድናችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ክፉኛ የተሸነፈበትን ጨዋታ ንገሩኝ። በሚቀጥለው ሳምንትስ የት ነበራችሁ?» ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ያወራል። የት ተቀምጠው እንደነበር፣ ከማን ጋር፣ ምን እንደበሉ። ተራ ሰው የሄደበትን ነው የሚያስታውሰው፤ ቀርቼ ነበር ያለኝ ሁሉ ምክንያቱን እንደ ኃጢአት ነበር የሚናዘዘው። ዶና የምትባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ አገኘሁ። እንዲህ አለችኝ፦ «በየሳምንቱ 'ዛሬስ በቃኝ፣ እቤቴ እቀመጣለሁ' እላለሁ። ከዚያ ሳላስበው ኮቴን ለብሼ መንገድ ላይ ነኝ። ባሌ እብድ ነሽ ይለኛል፤ እሱም ግን መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።»

አንተ ብትሆን በአንድ ቃል «ትችላለች!» ብለህ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። የተማርኩት እንዳልጽፍ ነው። አዳራሹ መጠነኛ ከሆነ፣ የቲኬቱ ዋጋ ቤተሰብ የሚደፍረው ከሆነ፣ ውድ ውድ የመመልከቻ ክፍሎቹን የሚከራዩ ትልልቅ ኩባንያዎች እንደ ቶሮንቶ አይገኙምና ያ ጉድለት ከታሰበበት፣ ቡድኑን የሚያኖረው ሰው አለ ብዬ ጻፍኩ። ትልቁ እንቅፋት የሕዝቡ ቁጥር ሳይሆን የጎረቤት ቡድን ፈቃድ እንደሆነም ጨመርኩ፤ ገበያዬን አትንኩ የሚል ባለጠጋ አጠገቧ አለ። ጋሽ መኮንንም ነጥብ እንዲያገኙ ፍትሐዊ ሆኜ ነበር የጻፍኩት። ስጨርስ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ዳር ሄጄ ብቻዬን ጮክ ብዬ አነበብኩልህ። እየሮጠ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞር እያለ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

አለቃዬ አሞገሰኝ። ደንበኛው አነበበው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም ተባለ። ጥናቱ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ያማረ፣ ሠንጠረዦቹ የእኔ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን የማላውቀው ሰው ጽሑፍ ነበር። «ከተማዋ ዋና ቡድን ለመሸከም የሚያስፈልግ ታማኝ ተመልካች የላትም» ይላል። ታማኝ! ካለኝ ማስረጃ ሁሉ ጠንካራው የሕዝቡ ታማኝነት ነበር፤ እሱን ነው የነጠቁኝ። ማስረጃ ሆና የቀረበችው ደግሞ ዶና ናት፦ «'ዛሬስ በቃኝ፣ እቤቴ እቀመጣለሁ' ሲሉ አንዲት እናት ተናግረዋል።» እዚያ ላይ ነጥብ። ኮቷን አላስለበሷትም። መንገድ አላስወጧትም። ባሏ መኪና ውስጥ እንደጠበቃት ቀረ።

ከሥሩ ደግሞ፣ አዘጋጅ፦ ብሌን ደምሴ።

አለቃዬ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ማንም አላዛባውም፣ ጠቅለል ነው የተደረገው» አለኝ። እንግዲያው ስሜን አውጡልኝ አልኩት። «ስምሽ ከወጣ ለምን ወጣ ይባላል። ሰዎቹን ያነጋገርሽው አንቺ ነሽ፤ ጥናቱን የሚያስከብረው እሱ ነው።» ጠበቃቸው ውሉን አወጣች፤ ትሑት ሴት ናት፣ ውሃም ጋበዘችኝ። የጻፍኩት ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሥራውን ብለቅ እንኳ ስለ ጥናቱ በአደባባይ መናገር አልችልም፤ ብናገር በሕግ ይጠይቁኛል። ፈገግ እያለች ነው የነገረችኝ። ገጽ ስድስት ላይ ያለው ፊርማ የራሴ ነው፤ የፈረምኩት ሥራ ያገኘሁ ቀን፣ አንተ ከታች መኪና ውስጥ እየጠበቅኸኝ፣ በደስታ ሳላነብ ነው።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። የባሰው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ አገር ስሜ ያደረሰብንን ታውቃለህ። እነሱ ሁለተኛውን ስም የዘር ስም አድርገው ያያሉ፤ የእኔ ሁለተኛ ስም ግን አንተው ነህ፣ ራስህ። የወላጅ ቀን መምህሬ «ሚስተር ደምሴ!» ብላ ስትጠራህ «ይቺ ሴት ከየት ታውቀኛለች?» ብለህ በደስታ ተሽኮረመምክ። ሆስፒታል የገባህ ቀን ግን እንዲህ አላስቀንም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰው «እሱ ወልዴ ነው፣ አንቺ ደምሴ ነሽ። ምኑ ነሽ?» አለኝ። ልጁ ነኝ አልኩ። «ታዲያ ስማችሁ ለምን አይገጥምም?» ስሜ እሱ ነው፣ እሱ ነው ስሜ እያልኩ ከበሩ ውጪ የቆምኩበት ጊዜ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እንግዲህ ይህ ጥናት ታትሞ ጋዜጦች አነሡት። በጥናት ወግ አዘጋጁ የሚጠራው በሁለተኛው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ደምሴ እንዳረጋገጠው ሃሚልተን ታማኝ ተመልካች የላትም።» «እንደ ደምሴ እምነት፣ ከተማዋ ምኞቷን ብትተው ይበጃታል።» አንድ ሌላ ተመራማሪም ቀጥሎ ጠቀሰው። ደምሴ፣ ደምሴ፣ ደምሴ። እኔ የለሁበትም፤ አንተ ነህ ያለኸው። ዕድሜህን ሙሉ የተከራከርክለትን ነገር በገዛ ስምህ እንድትክድ አደረጉህ፣ አባዬ። እጄን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሽ መኮንን ስካርቦሮ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት አሁን። ደወሉልኝ፣ እየሳቁ። «አንቺ! አባትሽ መቃብር ገብቶ ሐሳቡን ቀየረ እንዴ? 'ደምሴ እንዳረጋገጠው' ይላል! ልጄ ስልኩ ላይ አነበበልኝ። በመጨረሻ ረታሁት በያ!» አልሳቅኩም። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። «እውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ። አፌ ውስጥ መልሱ አለ፤ ገጽ ስድስትም አለ። «ጋሽዬ፣ ስለሱ ማውራት አልችልም» አልኳቸው። «እኔ እኮ» አሉ፣ «በሕይወቱ ሳለ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብረታው ነበር ደስ የሚለኝ። እንዲህስ አይደለም» ብለው ዘጉት። ካንተ ሞት ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። ማንም የማይሰማን ወጥ ቤት ውስጥ ሆነን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሁልጊዜ የመንግሥት ሰው በር ላይ የቆመ ይመስላታል። «ልጄ፣ ለበረዶ ጨዋታ ብለሽ የእንጀራ ገመድሽን ልትበጥሺ ነው? ኪራዩን አንድ ወር ብናሳልፍ ላንድሎርዱ ይምረናል? አባትሽ እንኳን በዚህ፣ በስንቱ ተሰድቦ ዝም ብሎ አሳደገሽ።» ልክ ናት። ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ሥራውን ብለቅ ቤቱ ያዘኝ፣ ብቀመጥ ስምህ ያዘኝ፣ ስሜን ቢያወጡልኝ ደግሞ የዶና ግማሽ ቃል ያለ ባለቤት እዚያው ይቀራል። በየትኛውም በር ብወጣ ተመልሼ የምገኘው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሳምንታት በሙሉ ቢሮ እየገባሁ፣ ለሰዎች ደህና አደራችሁ እያልኩ፣ አዲስ ጥናት እየሠራሁ ኖርኩ። ከዶና መልእክት ደረሰኝ፤ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ቀሪውስ የታለ?» አልመለስኩላትም። እንዳልመልስ ተከልክያለሁ። ስድብ ብትልክልኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሃሚልተን ውስጥ ስለ አዳራሹና ስለ ቡድኑ የሕዝብ ውይይት አለ። ጥናታችን እዚያ ይቀርባል። ማንም ሰው ተመዝግቦ ለአምስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ትናንት ከሥራ መልስ ኮቴን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና መመዝገቢያውን አወጣሁ።

ነፃ ወጣሁ ብዬ አልዋሽህም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ። የጠበቃዋ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ይደርሰኛል፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ስጠይቅ ስሜን ፈልገው ይህን ያገኛሉ። ከተማዋም በእኔ አምስት ደቂቃ ቡድን አታገኝም፤ ባለጠጋው ጎረቤቷ ገና እንደቆመ ነው። የዶናን ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ እኔ የጻፍኩትን መደምደሚያ እናገራለሁ፤ ይህ የእኔ ጥናት ነው፣ ያኛው አይደለም እላለሁ። ከዚያ ተቀምጬ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ይመኑኝ አይመኑኝ አላውቅም። ዝም ብዬ ግን ተጨማሪ አንድ ሳምንት መኖር አልችልም። በዝምታዬ ውስጥ የምትናገረው አንተ ነህና።

እማዬ ከኋላዬ መጥታ እንደቆመች አላወቅሁም። መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን አነበበች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ ለስም፣ አንዱ ለቤተሰብ ስም። በመጀመሪያው ብሌን፣ በሁለተኛው ደምሴ ብዬ ጽፌ ነበር። እማዬ ጣቷን ሁለተኛው ሳጥን ላይ አሳረፈች።

«የአያትሽንም ጨምሪበት» አለችኝ። «ደምሴ ብቻ ካልሽ እነዚያ ጋዜጦች የጻፉለት ሰውዬ ይመስላቸዋል። የኔ ባል ደምሴ ወልዴ ነው።»

ጨመርኩበት። ከዚያ የሐሙሱ አውቶቡሳችን ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ፤ ፊቷ ገና እንደተቆጣ ነበር።

አባዬ፣ ዓመትህ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ስምህን ያነሣልሃል፤ ያ የእነሱ ድርሻ ነው። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው። ከእንግዲህ በምጽፈው ሁሉ ላይ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያልተቆረጠ መሆኑን ሳላይ ስምህን ከሥሩ አላኖርም። ደመወዝ ቢሰጡኝም ቢነሡኝም፣ በዚህ አልጋ ላይ ብቀርም፣ በሰው ፊት ስትታወስ የምትታወሰው ባልከው ነው፤ ያላልከውን በስምህ የሚናገር ሁሉ እኔን ፊቱ ቆሜ ያገኘኛል።

ልጅህ፣
ብሌን ደምሴ ወልዴ